የአራተኛ ፎቅ አደራ

እናቴ ፍሪዘሩን ባዶ ያደረገች ዕለት አንድ ክፉ ነገር ወደ ቤታችን እየመጣ እንደሆነ ገባኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በስደት አገር፣ ካርልተን በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፍሪዘሩ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ነጭ ሣጥን ሲሆን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። አረፋ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ስለነበር እስከ አፉ በበግ ሥጋ ተሞልቶ ነበር።

እናቴ ሀሊማ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዷን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ጎንበስ እያለች፣ በፌስታል የተቋጠረውን ሥጋ አንድ በአንድ እያወጣች ወለሉ ላይ ትደረድራለች።

"ይኼን ለጁነይድ እናት አድርሺ። ይኼን ደግሞ ለነመርዋ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ጎረቤታችን እትዬ ማንተግቦሽ በተከፈተው በር አንገታቸውን አስገብተው አዩን። "ምነው ሀሊማ፣ ፍሪዘሩን ልትሸጪው ነው እንዴ?"

"ኧረ አይደለም እትዬ። እንግዳ አለብኝ።"

"ፍሪዘር ውስጥ?"

"አዎ፣ ፍሪዘር ውስጥ።"

እትዬ ማንተግቦሽ ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ቀጥላ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ስታንሾካሽክላቸው ሳቃቸው ቆመ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እሰይ፣ ደግ አደረግሽ" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ እናቴ ፍሪዘሩን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው። ክዳኑን ስትገጥም "ቢስሚላህ" አለች። ለሥጋ እንደዚያ ብላ አታውቅም።

እንግዳው ከአራተኛ ፎቅ እንደሚመጣ ያወቅሁት ማታ አባቴና እናቴ ሲከራከሩ ነው።

"ሳትጠይቀኝ ለምን ቃል ገባህ?"

"ሰውዬው ተጨንቆ ነገረኝ። ምን ልበለው?"

አባቴ መሐመድኑር ላቨርተን ኖርዝ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ሰውዬው አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ራዊሪ ነው። አብሮት በናይት ሺፍት የሚሠራ፣ በመኪናው የሚያመላልሰው፣ ትከሻው በራችንን የሚሞላ የኒውዚላንድ ሰው። ሚስቱ ማራማ ትባላለች፤ በእናቴ ዘንድ በጣም የተወደደች ሴት ናት። ሁለቱም ማኦሪዎች ናቸው። ያን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእነሱ ነው፤ ፍርሃቴም የጀመረው ከዚያው ቀን ነው።

ማራማ ገና ሳትወልድ እኛ ቤት ምሳ ሊበሉ መጥተው ነበር። ወሬው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የእናቴ እንግሊዝኛ አጭር ስለሆነ አባቴ መሀል መሀል ይተረጉምላታል።

"እናንተ ፈረንጅ ትላላችሁ አይደል?" አለ ራዊሪ። ቃሏን ከአባቴ ተምሯታል፤ በጣም ወዷታል። "እኛ ደግሞ ፓኬሃ እንላለን።"

"ስድብ ነው?" አለ አባቴ።

"እንደ ተናጋሪው ነው። ሱፐርቫይዘራችን እኛ አገር ተወልዶ ያደገ ነጭ አይደል? 'እኔ ፓኬሃ ነኝ' ሲል ደረቱን ነፍቶ ነው። ወንድሙን እንደዚያ ብትለው ግን ሳምንት ሙሉ አያናግርህም።"

"ፈረንጅም እንደዚያው ነው" አለ አባቴ እየሳቀ።

ማራማ ወደ እኔ ዞረች። ከልጅ ጋር ስታወራ ድምፅዋን የማትቀይር ሴት ነበረች። "እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ለሁላችን የሚሆን አንድ ስም አልነበረንም። ሰው የሚጠራው በጎሳው ነበር፤ ተራራውንና ወንዙን ይናገራል፣ በቃ። ነጮቹ ሲመጡ ነው ለሁላችን ስም ያስፈለገን። ማኦሪ ተባባልን። የተለመደው ዓይነት ሰው እንደማለት ነው።"

አባቴ ሲተረጉምላት እናቴ ሳቋ አመለጣት። "ታዲያ ፈረንጁ ያልተለመደው ነዋ!"

"ገብቷታል" አለ ራዊሪ።

ማራማ ቀጠለች። በአገሯ የምድሩ ሰዎች እነሱ ናቸው፤ ታንጋታ ፌኑዋ ይባላሉ። ከሌላ ቦታ የመጣው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ታውኢዊ ይባላል። እኔ ከሰው ፊት መናገር አልወድም ነበር፤ ዛሬም አልወድም። ያን ቀን ግን ጠየቅሁ።

"እኔስ?"

"አንቺ እኛ አገር ብትመጪ ታውኢዊ ነሽ።"

"እዚህስ?"

ራዊሪ መለሰልኝ። "እዚህ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ይኼ ፎቅ የቆመበት ምድር የዉሩንጀሪዎች ነው። የምድሩ ሰዎች እነሱ ናቸው። እኔና አንቺ መጥተን ነው።"

ይህን ያለው ሊያቀርበኝ ፈልጎ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ። መላው ዓለም እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ ለሁለት ሲከፈል ታየኝ፤ እኔ ያለሁበት ሰልፍ የተሰለፈበት መሬት የሌላ ሰው ነው።

"ሰው እንዴት ነው የምድሩ ሰው የሚሆነው?" አልኳት።

ማራማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ልጃችን ስትወለድ፣ ከእሷ ጋር የሚወጣውን ወስደን በአያቴ መሬት እንቀብረዋለን። ያኔ ምድሩ ያውቃታል።"

"ከእሷ ጋር የሚወጣው ምንድን ነው?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ በአማርኛ "ሩዋይዳ፣ ተነሺ ብርጭቆ አምጪ" አለች። እኛ ቤት ስለ መውለድ በልጅ ፊት አይወራም ነበር፤ እንኳን በእንግዳ መሀል፣ እንኳን ምሳ ላይ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ ወሬው ተቀይሯል። ለእኔ የቀረኝ፣ ከሕፃኗ ላይ የሆነ ነገር ተወስዶ እንደሚቀበር ብቻ ነው።

ፍሪዘሩ በታጠበ በሦስተኛው ቀን፣ ማራማ ከወለደች በኋላ፣ ራዊሪ መጣ። ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን በሁለት እጁ ታቅፏል። ከሥራ ሲመጣ እንደሚያደርገው አልቀለደም፣ ፀጉሬንም አልነካካም። አባቴ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጠው ሲያመለክተው፣ ራዊሪ አፍ ሳይከፍት እናቴ ቀደመችው።

"ጠረጴዛው ላይ አይሆንም። የሚበላበት ነው።"

አባቴ ሲተረጉምለት ራዊሪ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ማልቀሱ አስደነገጠኝ፤ ያን የሚያክል ሰው የሚያስለቅስ ነገር ምን ቢሆን ነው?

በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ ነገር ነበር። ፍሪዘሩ ውስጥ ብቻውን አስቀመጡት። እናቴ ክዳኑን ዘግታ በፍሪዘሩ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"እንዳትነኪው። የሰው አደራ ነው። ሰምተሻል?"

የሰው። ሰምቻለሁ።

ዕቃው ውስጥ የነበረው እንግዴ ልጅ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው፤ ይበልጥ የገባኝ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ማኦሪዎች ካነበብኩ በኋላ። ማራማና ራዊሪ ኒውዚላንድ ይዘውት ለመግባት ወረቀት እየጠበቁ ነበር። እነሱ ቤት ያለው አንድ ትንሽ ፍሪጅ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በባህላቸው ከምግብ ጋር አይቀመጥም። ራዊሪ ጭንቀቱን በእረፍት ሰዓት ለአባቴ ሲነግረው አባቴ ወዲያው ቃል ገባ። እናቴ ደግሞ፣ ወሎ ገጠር እንግዴ ልጅ ከጓሮ ሲቀበር እያየች ስላደገች፣ ለክርክሩ ያህል ተከራከረች እንጂ ነገሩ ገና ሲነገራት ገብቷት ነበር። በዚያ ቤት ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማራማ ሕፃኗን ይዛ መምጣት ስትጀምር ከአጠገቧ አልጠፋም ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ሕፃን ስለምወድ መስሏቸዋል። እኔ ግን የጎደለውን እየፈለግሁ ነበር። ጆሮ ሁለት። ዓይን ሁለት። እግሯ ካልሲ ውስጥ፣ እጆቿ ሁልጊዜ በትናንሽ ነጭ ጓንት ተሸፍነዋል። በዚያ ሙቀት፣ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን፣ ጓንት። ጥፍሯ ፊቷን እንዳይቧጭር መሆኑን ማን ይንገረኝ? እኔ ግን አገኘሁት፤ ፍሪዘራችን ውስጥ ያለው እጇ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻዬን አልገባም አልኩ። ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ጆሮዬን እደፍናለሁ። ሲያቆም ደግሞ ይብሳል፤ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል።

አንድ ማለዳ አባቴ ከሺፍት ተመልሶ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔ ሶፋ ላይ የተኛሁ መስዬ ሰማኋቸው።

"የሩዋይዳን የት እንደጣሉት እንኳ አላውቅም" አለች እናቴ። "አዲስ አበባ ሆስፒታል፣ ማን ጠይቆኝ? የኔም እናት 'የት ተቀበረ?' ስትለኝ መልስ አጣሁ።"

"ተይው አሁን፣ ያለፈ ነገር።"

"ይኼኛውስ? ወሎ ማን ይወስድልኛል? እነሱ መሬት አላቸው። የኔንም ቢወስዱልኝ!"

"አንቺ ደግሞ! ቀልድሽን ነው?"

"ወላሂ፣ የምሬን ነው።"

እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። የእኔን ጥለውታል። የሚወለደውን ደግሞ እናቴ ልትሰጥ ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ጣቶቼን ቆጠርኩ፤ አሥር። የእግሬንም ቆጠርኩ፤ አሥር። ጆሮዬን፣ ጥርሴን ነካሁ። እምብርቴ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚህ ነው የወሰዱብኝ ብዬ ደመደምኩ። በዚህስ አልተሳሳትኩም ነበር።

ወረቀቱ ደረሰና፣ የራዊሪ እናት ከኒውዚላንድ መጥታ አደራውን የምትወስደው ቅዳሜ ከሰዓት ነው ተባለ። ለሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሴትዮዋ የምትወስደው ነገር ካጣች እኛን ትታ ትሄዳለች፤ ሁለተኛም ለሚወለደው ወንድሜ አትመጣም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከሺፍት ገብቶ ተኝቷል። እናቴ ማራማን ልታግዝ አራተኛ ፎቅ ወርዳለች። ወንበር ጎትቼ ወጣሁና ብርድ ልብሱን ገፍፌ ክዳኑን አነሳሁ። የቅዝቃዜው ጢስ ፊቴን ሲመታኝ ልጮህ ነበር። የፕላስቲኩን ክዳን ከፈትኩ። ጥቅሉ የሁለት ጡጫ ያህል ነው፣ በነጭ ክር ታስሯል። ሳነሳው ጣቶቼ ላይ ተጣበቀ። ያዘኝ አልኩ፤ በእርግጥም እጅ ነው፣ ያዘኝ።

ኮሪደሩ ጫፍ ቆሻሻ ወደ ምድር ቤት የሚወርድበት ቱቦ የብረት አፍ አለ። ለመክፈት ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ጥቅሉን በአገጬና በደረቴ መሀል ያዝኩት። ቅዝቃዜው በልብሴ አልፎ ይሰማኛል። ለቀቅሁት። ብረቱን እየመታ ሲወርድ ሰማሁ። አንዴ። ሁለቴ። ቀጥሎ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ዝም አለ። ሮጬ ቤት ገባሁ፣ ባዶውን ዕቃ ከደንኩ፣ ፍሪዘሩን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብሱን መለስኩ። አባቴ ያንኮራፋል። ፍርሃቴ ይለቀኛል ብዬ ስጠብቅ አልለቀቀኝም።

ሴትዮዋ ስትመጣ ገና ሳትገባ ሰማናት። ኮሪደራችን ላይ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በቋንቋዋ መጣራት ጀመረች፤ ዜማ ነው እንዳልል ለቅሶ አለው፣ ለቅሶ እንዳልል ሰው ይጠራል። በሮች ተከፈቱ። እትዬ ማንተግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የምትጠራው ወደ አገሩ የሚመለሰውን አደራ መሆኑን ማራማ በኋላ ነግራናለች። እኔ ግን የምትጠራው እኔን ነው ብዬ ከሶፋው ጀርባ ተደበቅሁ።

ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሽማግሌ ናት። ከከንፈሯ ጀምሮ አገጯ በሙሉ በሰማያዊ ንቅሳት ተሸፍኗል። የእትዬ ማንተግቦሽ የአንገት ንቅሳት አስፈርቶኝ አያውቅም፤ የእሷን ሳይ ግን ፊቴን አዞርኩ።

እናቴ እሷን፣ ማራማንና ራዊሪን በክብር ፊት ፊት እየመራች ወደ ፍሪዘሩ ወሰደቻቸው፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ብርድ ልብሱን ገፈፈች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ዕቃውን በሁለት እጇ አነሳች። እንዳነሳችው መቅለሉ ገባት። ስትከፍተው አየሁ።

"ያ አላህ!"

ፍሪዘሩ ያጉረመርማል። ማራማ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገች። እናቴ ዞር ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ፤ ፊቴ ላይ፣ ከዚያም በቅዝቃዜው ተልጠው የቀሉት ጣቶቼ ላይ። ብዙ አልቆየችም።

"እኔ ነኝ" አለች በዚያች አጭር እንግሊዝኛዋ። "እኔ ጣልኩ። የቆየ ሥጋ መሰለኝ።"

አባቴ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆሟል። "ሀሊማ! አንቺ?"

"አዎ፣ እኔ። ወደ ቆሻሻው። ዛሬ ጠዋት። ለምን ታፈጥብኛለህ? ውረድ እንጂ!"

ፍሪዘሩ ላይ ማንም እንዳይደገፍ የምትቆጣው እናቴ፣ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ዝርክርክ ሴት ጭንቅላቷን ደፍታ ቆመች። እኔ የቀሉትን ጣቶቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

አባቴና ራዊሪ የጽዳት ሠራተኛውን ጳውሎስን ቁልፍ አስይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የሃያ ፎቅ የሁለት ቀን ቆሻሻ፣ በዚያ ሙቀት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅናቸው። ሽማግሌዋ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እናቴ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ፣ ሆዷን ይዛ። ማራማ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ሕፃኗ ስትወራጭ አንዱ ጓንት ወለቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላውም።

ሮዝ መዳፍ፤ ጣቶቹ አምስት። ሌላኛውም አምስት።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አልኩ። ሳላስበው ነው ያወጣሁት። "ፍሪዘሩ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?"

ማራማ እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። "ሆዴ ውስጥ ሳለች ያበላት ነበር" አለች። "እሷ ስትወጣ ሥራውን ጨርሶ አብሯት ወጣ። ሁላችንም ነበረን። አንቺም ነበረሽ።"

እስከዚያች ደቂቃ የፈራሁት ሰዎቹን ነበር። ከዚያ በኋላ የፈራሁት የራሴን እጅ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። "አደራ በላ መባል ለኔ ይሻላል። አንቺ ገና ስም አልነበረሽም፤ መጀመሪያ የሚወጣልሽ ስም ይኼ እንዳይሆን ነው" አለችኝ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ሽታው ነው። የአባቴ ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት በምን በምን እንደተለወሰ አላህ ይወቀው። ራዊሪ ሸሚዙን አውልቆ የሆነ ነገር ጠቅልሎበታል። ጨርቁ በሻይ ቅጠል በልዟል፤ ክሩ ግን አልተፈታም፣ ጥቅሉም አልተቀደደም። ማራማ ፊቷን በሕፃኗ ልብስ ሸፈነች። ሽማግሌዋ ተነሥታ ተቀበለችው፣ በቋንቋዋ ብዙ አወራችው፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቀለለችውና በሰማያዊው የበረዶ ሣጥን አስቀመጠችው። ወደ እናቴ ሄዳ ግንባሯንና አፍንጫዋን ከእናቴ ግንባርና አፍንጫ አገናኝታ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴም ጨፈነች።

ቀጥላ ሣጥኑን አንሥታ እኔ ፊት መጥታ ቆመች።

"እስከ መኪናው ይቺ ትሸከመው።"

"ልጅ ናት፣ እኔ እይዘዋለሁ" አለች እናቴ ተነሥታ።

"አይ። እሷ።"

ሣጥኑን እጄ ላይ አደረገችው። የተላጡት ጣቶቼ አቃጠሉኝ። ሊፍቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ ራዊሪ ደረቱ በላብና በእድፍ፣ ሽማግሌዋ ከፊቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እኔ መሀል። በሩ ተዘጋ። አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት። ከዚህ ሕንፃ ይዛኝ እንደምትሄድ፣ ከሣጥኑ ጋር አብራ እንደምትቀብረኝ አሁንም ግማሽ ልቤ ያምን ነበር። ከዚያ ይልቅ ግን እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን እንደያዘች ይታየኛል። ዘጠኝ። ስምንት።

"እኔ ነኝ የጣልኩት" አልኩ። "እናቴ አይደለችም።"

ራዊሪ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ሽማግሌዋ አልዞረችም። የጀርባዋ ጥቁር ቀሚስ፣ የታሰረው ሽበቷ፣ ከዚያ ሌላ የማየው አልነበረም።

"አጥብቀሽ ያዢው" አለች።

አራተኛ ፎቅን አለፍን። አጥብቄ ያዝኩት።